የግማሽ ቀን የጳጳስ እህት

ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ሲነሣ ኦርቴንሲያ ሴራልቲ ጫማዋን አውልቃ የእናቷ አልጋ ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅል ነበር። ስልሳውን ያለፈች የባላባት ልጅ እንዲህ ተንጠልጥላ መታየት የለባትም፤ ግን የቤቱ ገረዶች ይህን መጋረጃ አስተካክለው የሰቀሉበት ቀን የለም፣ ሁልጊዜ አንዱን ጎን ያንሻፍፉታል። አልጋው ከጥቁር እንጨት የተሠራ የድሮ አልጋ ነው፤ መረገጫ ካልተደረገለት አያስወጣም፣ ራስጌው ላይ ሁለት አጋዘን ተቀርጸውበታል። እሷም ታናሽ ወንድሟ ላታንሲዮም የተወለዱት እዚያ ላይ ነው። እናታቸው ሞታ፣ ርስቱን የወረሰው የበኩር ወንድማቸው ሚስት «ይህን ጎተራ የሚያክል ነገር ከቤቴ አውጡልኝ» ባለች ጊዜ፣ ኦርቴንሲያ በበሬ ጋሪ አስጭና ከካስቴልቬንቶ ተራራ እስከ ሮማ ድረስ አመጣችው።

ጩኸቱ መጀመሪያ የገበያ ጠብ መሰላት። ጳጳስ በሌለበት ሰሞን ሮማ ውስጥ ጠብ አይጠፋም፤ ማን ዳኛ እንደሆነ አይታወቅማ። ካርዲናሎቹ አዲስ ጳጳስ ሊመርጡ በር ከተዘጋባቸው ሳምንታት አልፈዋል። ካርዲናል የሆነው ላታንሲዮም አብሯቸው ተዘግቷል። ከተማው ሥራ ፈትቶ ወሬ ሲያላምጥ ይውላል። ከዚያ ጩኸቱ ድልድዩን ተሻገረና ቃል ሆነ። «ሴራልቲ፣ ሴራልቲ» ይላል።

የክፍሉ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። የቤቱ አዛዥ ጋስፓሮ ነው፤ እዚህ ቤት ያረጀ ሰው ነው፣ ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም።

«እመቤቴ፣ ይውረዱ። ሕዝቡ ወደኛ እየመጣ ነው።»

«ምን ሆንኩ ብሎ?»

«ብፁዕነታቸው ተመርጠዋል ብሎ።»

ኦርቴንሲያ አልወረደችም። የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዘች ቆመች። «ማን አየ?» አለች።

«ለካርዲናሎቹ በመስኮት ምግብ የሚያቀብሉት ሰዎች ሰሙ ነው የሚሉት። ትናንት ማታ ተሰልፈው የብፁዕነታቸውን እጅ ሲስሙ አመሹ አሉ። ውስጥ ያሉት አሽከሮችም የብፁዕነታቸውን ማደሪያ ገፈው ትራሱን ሳይቀር ተከፋፍለውታል።»

«መድፉስ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው። ጳጳስ ሲመረጥ የሚተኮሰው መድፍ ገና አልተተኮሰም።»

ሮማ ውስጥ አንድ ካርዲናል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖ ሲመረጥ ሕዝቡ ቤቱን ይዘርፈዋል። ሌብነት አይባልም፣ ወግ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን መንበር የተረከበ ሰው ከእንግዲህ ማንካና ምንጣፍ ምን ይሠራለታል? ከጳጳስ ቤት የተነቀለ ምስማር እንኳ በረከት አለው ተብሎ በየጓዳው ይሰቀላል። ስለዚህ ተስፋ ያለው ካርዲናል ወደ ምርጫው ከመግባቱ አስቀድሞ ደህና ደህናውን ዕቃ በጓሮ በር ወደ ገዳም ወይም ወደ ዘመድ ቤት ያሸሻል። ኦርቴንሲያም ይህን አስባ፣ ሌላው ቢቀር አልጋውን ገዳም ላስቀምጠው ብላ ጋሪ አስጠርታ ነበር። ጋሪውን የመለሰው ላታንሲዮ ነው።

«ከዚህ ቤት አንድ ዕቃ አይወጣም» አላት፤ ያን ጊዜ ካባውን ለብሶ ሊሄድ ቆሞ ነበር።

«የእማማን አልጋ እንኳ?»

«የእማማንም አልጋ። አንድ ጋሪ ከግቢው ሲወጣ ከታየ፣ ሴራልቲ ጳጳስ መሆን አምሮታል ይሉኛል። እዛ ውስጥ ያማረው ሰው አንድ ድምፅ አያገኝም። አንቺ ዝም ብለሽ መጋረጃሽን ስቀዪ።»

እሷም ዝም ብላ መጋረጃዋን ስትሰቅል ሰነበተች።

ጩኸቱ አሁን ከዳቦ ጋጋሪዎቹ መንገድ ደርሷል። ጋስፓሮ እጆቹን ያፋትጋል። «ላስቀርቅር፣ እመቤቴ» አለ። «በሩ ወፍራም ነው፣ መድፉ እስኪተኮስ ይይዝልናል። እውነት ከሆነ ያኔ በክብር እንከፍታለን። ውሸት ከሆነ ደግሞ ተርፈናል።»

ነገሩ ልክ ነበር። ኦርቴንሲያ ግን ሮማን ታውቃታለች። እውነት ሆኖ በሩን ብትዘጋ፣ በማግሥቱ አደባባዩ ላይ ያለው አሮጌ ሐውልት የስድብ ግጥም ተለጥፎበት ያድራል፤ ወንድሟም እስኪሞት «በሩን የዘጋው ጳጳስ» ይባላል። ከሱ በፊት አንዱን ጳጳስ የዶሮ ቤቱን አላስዘርፍም ስላለ እንዲህ ሲሰድቡት ኖረዋል። ይህን ለጋስፓሮ ነገረችው። ያልነገረችው ሌላ ነገር ነበር፤ እውነት እንዲሆን ፈልጋ ነበር። ሙሉ ዕድሜዋን ይህን ጩኸት ስትጠብቅ ኖራ፣ ደጇ ድረስ ሲመጣ በገዛ እጇ መቀርቀሪያ ልትወረውርበት አልቻለችም።

ላታንሲዮ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ነው። ርስቱ ለበኩሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለተከታዩ፤ የሴራልቲ ቤት እንደዚያ ነው የኖረው። የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ ጸጉሩን ተላጭቶ ለክህነት ታጨ። ጎልምሶ ሮማ ሲመጣ ግን የአባት ስም ብቻውን የትም አያደርስም፤ ሮማ ውስጥ የመጀመሪያው ሹመት ይገዛል። አባታቸው ኦርቴንሲያን እልፍኝ አስጠርተው፣ ለጋብቻዋ ያስቀመጡላትን ሀብት ለላታንሲዮ ሹመት እንዳዋሉት ነገሯት። «እንግዲህ ወይ ገዳም ትገቢያለሽ፣ ወይ ለወንድምሽ ቤት ትይዥለታለሽ» አሏት። «ቤት እይዝለታለሁ» አለች። ገዳሙን የተወችው ጸሎት ስለማትወድ አይደለም፣ ጾሙ ስለሚከብዳት ነው። ታጭታለት የነበረው ፋብሪዚዮ የሚባል መልከ መልካም ልጅ ሌላ አገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወፍሮ ወፍሮ ሞተ ሲሏት አለቀሰች፤ ማንም ግን አላየም።

«ክፈተው» አለች ለጋስፓሮ። «ሁለቱንም ክንፍ።»

ከአልጋው ወረደች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ጥቁር የሐር ቀሚሷን ለብሳ ደረጃው ራስ ላይ ቆመች። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ሲገባ ከፊት የነበረው ቺንሲዮ ነው፤ ከነዱቄቱ፣ ከነሽርጡ። ለዚህ ቤት ዳቦ ሲጋግር የኖረ ሰው ነው። ቆቡን አውልቆ ደረጃውን ወጣና እጇን ሳመ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ የጳጳሳችን እህት» አላት። «ይፈቅዱልናል?»

«ቺንሲዮ፣ መድፉ ገና አልተሰማም እኮ።»

«መድፉ መቼም ተኝቶ ነው የሚነሣው፣ እመቤቴ። ተኳሾቹ እስኪታዘዙ እኛ አንጠብቅ።»

«እንግዲያው ወጉ ነው፣ ግቡ» አለች። እንዲህ ስትል ፊቷ በራ፣ ጋስፓሮ ራሱ አየው።

መጀመሪያ ነገሩ ሥርዓት ነበረው። አንዲት ዓሣ ሻጭ የብር ሳህኑን አነሣች፤ ላታንሲዮ ፋኖ የምትባለው ከተማ አስተዳዳሪ ሳለ ረግረጉን ስላደረቀላቸው የአገሩ ሰዎች የሰጡት ነው። ለሳህኑ ሲባል ሁለት ክረምት በወባ ተንቀጥቅጧል። ሴትዮዋ በሽርጧ ጠቅልላ «እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው» እያለች ወጣች። ከዚያ ትልቁ የግድግዳ ምንጣፍ ወረደ። ላታንሲዮ የጳጳሱ መልእክተኛ ሆኖ ብራስልስ ሲኖር ያመጣው ነው፤ ዮሴፍን ወንድሞቹ ሲሸጡት ይታይበታል። ሁለት ቤተሰብ ያዘውና አልላቀቅም ተባባለ። በመጨረሻ አንዱ ቢላ አወጣ፤ ዮሴፍና ጉድጓዱ ወደ ወንዙ ሰፈር ሄዱ፣ ወንድሞቹ ወደ ገበያው። ኦርቴንሲያ ይህን አይታ ሳቀች። እንዲህ ከልቧ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ጠፋ። ከቪየና የመጣው ሰዓት በአንድ ኮርቻ ሰፊ ብብት ሥር ሆኖ እየደወለ ደረጃውን ወረደ። አልጋ ልብሱ፣ መቅረዙ፣ የወጥ ቤቱ መዳብ፣ ላታንሲዮ ካርዲናል በሆነ ጊዜ የተሳለው ሥዕል ሁሉ ሄደ፤ ሥዕሉን የወሰዱት ከነክፈፉ ስላልወጣላቸው በመስኮት አወረዱት። በአዳራሹ፣ ከቀይ የጨርቅ ጥላ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቀመጥ አንድ ወንበር ነበር። የየካርዲናሉ ቤት እንዲህ ያለ ወንበር አለ፤ ጳጳሱ ለጉብኝት ቢመጣ ብቻ ይዞራል እንጂ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ያንን አራት ሰው ተሸከመው፤ ጥላውንም ነቅለው በላዩ ጣሉበት። ምግብ አብሳይዋ ኒላ ምድጃው ላይ የተጣደውን የባቄላ ድስት ታቅፋ «ይህን ብትነኩ አቃጥላችኋለሁ» ስላለች እሱ ብቻ ቀረ።

ኦርቴንሲያ ሁሉንም ደረጃው ራስ ላይ ቆማ ሸኘች። የእሷ ሀብት ያወጣቸው ዕቃዎች እንደሆኑ ታውቃለች፤ የመጀመሪያው ሹመት ሁለተኛውን ወለደ፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሁሉም ከአባቷ እልፍኝ የተነሡ ናቸው። ሲወጡ ግን አልከፋትም። ድሮ ከፍላ የገዛችው ነገር ዛሬ የደረሰላት መሰላት።

ቺንሲዮ ከሦስት ጎልማሶች ጋር ወደ እሷ ክፍል ሲያቀና ነው የደረጃውን ራስ የለቀቀችው።

«ይሄ ይቅር» አለች በሩ ላይ ቆማ። «የእናቴ ነው።»

«ታዲያ እሱማ ነው ዋናው» አለ ቺንሲዮ፤ በትሕትና ነው የሚናገረው። «ጳጳስ የተወለደበት አልጋ እዚህ ቀርቶ ለአይጥ ሊሆን ነው እንዴ?»

«ቺንሲዮ፣ የወሰድከው አይበቃህም?»

«ለኔ መስሎዎት ነው?» ዞር ብሎ አየ። ከኋላው የቤቱ ልብስ አጣቢ ሳንታ ቆማለች፤ እጆቿ በሳሙና የነጡ፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ አንድ ማንካ እንኳ አላነሣችም። አሁንም አንገቷን እንደደፋች ነው።

«ተናገሪ እንጂ» አላት ቺንሲዮ።

«ልጄ ናት፣ እመቤቴ» አለች ሳንታ። «ሦስት ሞተውባታል። አሁን ደግሞ ይዛለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ቀኗ ሲደርስ ጳጳስ የወጣበት አልጋ ላይ ብትተኛ ብዬ ነው። ሌላ አልፈልግም።»

ኦርቴንሲያ አልጋውን አየችው። መጋረጃው ባንድ በኩል ብቻ ተሰቅሏል። «ይቅር» ማለት ትችላለች፤ ሳንታ ትሄዳለች፣ ማንም አይቆጣም። ግን ወንድሟ እውነት ጳጳስ ከሆነ አልጋው የሳንታ ልጅ ነው፤ ለራሷ ካስቀረችው፣ ከልቧ አላመነችም ማለት ነው። ይህን ሕዝቡ ባያውቅ እሷ ታውቀዋለች።

«መረገጫውንም ውሰጂላት» አለች። «ያለሱ መውጣት አትችልም፤ ከፍታ አለው።»

ሳንታ ጉልበቷ ላይ ወድቃ የቀሚሷን ጫፍ ሳመች። አልጋውን ለመፍታት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፤ የጥንት ሰው ሲገጥም እንዲፈታ ብሎ አይደለም። ሲወጡ የበሩን መቃን ገጩት። «ቀስ በሉ» አለቻቸው ኦርቴንሲያ።

ቀኑ እኩል ሲሆን ቤቱ ባዶ ነበር። እርምጃዋ ከግድግዳ ግድግዳ ይሰማል። ጋስፓሮ እውነቱን ሊያጣራ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሄዷል፤ ኒላ ወጥ ቤት ለብቻዋ ታጉረመርማለች። ኦርቴንሲያ አዳራሹ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል መድፉ ተተኮሰ።

አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉም ተከታተሉ። ደወሎቹ ተቀበሉት። ኦርቴንሲያ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተንበረከከች፤ መጸለይ ፈልጋ ነበር፣ ግን ጸሎት አልመጣላትም፣ ልቅሶ ነው የመጣው። አባቷን አሰበቻቸው። ፋብሪዚዮንም አሰበችው። «ይኸው» አለች ጮክ ብላ፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ።

ተነሥታ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ጋስፓሮ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ቆቡን በእጁ ይዟል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚመጣው። ደስ ያለው ሰው እንዲህ አይራመድም። ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም።

«ማን ነው?» አለችው።

«ካርዲናል ሞርቪኒ፣ እመቤቴ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሰገነት ላይ ሲወጡ አይቼ ነው የመጣሁት።»

ኦርቴንሲያ የምትቀመጥበት ፈለገችና አጣች፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አፈረች። ኀዘኑ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነው፣ ፊቷን እሳት ለበለባት። ቤቱን በገዛ እጇ አስዘርፋ፣ እየሳቀች፣ እንኳን ደስ አለሽ ሲሏት እሺ እያለች ዋለች። ጋስፓሮ አጠገቧ ቆሞ «ብዬ ነበር» አላለም፤ ባለማለቱ ይበልጥ ተናደደችበት።

ካርዲናል ላታንሲዮ ሴራልቲ ጀምበር ሳትጠልቅ በሠረገላው መጣ። መንገዱ ላይ የነበሩት ሁሉ ቆመው አዩት። «ብፁዕነትዎ፣ ቤትዎ ቀልሎ ይጠብቅዎታል» አለ አንድ ጫማ ሰፊ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ላታንሲዮ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ባረካቸው።

ደረጃውን ሲወጣ ኦርቴንሲያ እግሩን ነው ያየችው። እንደ ወትሮው ነው የሚራመደው፤ በቀኝ ጉልበቱ ብቻ ትንሽ ያነክሳል። አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ምንጣፉ የነበረበት ግድግዳ ከሌላው ይነጣል። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«በሩን ማን ከፈተው?» አለ።

«እኔ።»

«መድፉ ሳይተኮስ?»

«ሳይተኮስ።»

ላታንሲዮ ብዙ ዓመት በመልእክተኝነት የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱ ምንም አይናገርም። ኦርቴንሲያ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀች፤ መጥፎ ከሆነ ይገባኛል ብላ ነበር።

«አልጋውንም?» አለ።

«አልጋውንም።»

ኒላ ድስቱን ይዛ ገባች። ማንካ ስላልነበር ጭልፋውን ሰጠችው። እሱም መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ባቄላውን በጭልፋ መብላት ጀመረ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር። እየበላ ነገራት። ማታ ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር የጎደለው፤ እሱም ጠዋት ይሞላል ተብሎ እጁን ሊስሙ ተሰለፉ። ጠዋት ከሱ ወገን የነበረው አንድ ሽማግሌ ሆዱን አመመውና ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሌሎቹ ሽማግሌውን እስኪጠብቁ ይነጋገሩ ጀመር፤ ሰው ሲነጋገር ደግሞ ሐሳብ ይለወጣል። ሌላ ምክንያት የለውም። በማንም ላይ አልተቆጣም፤ የሆድ ሕመም ነው።

«እታለም» አለ ጭልፋውን አስቀምጦ፤ እንዲህ ይላት የነበረው ልጅ ሳለ ነው። «ማታ እጄን ሲስሙኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? አልጋውን። ለምን ጋሪውን መለስኩት ብዬ ስጸጸት ነው ያደርኩት። የሮማ ጳጳስ ልሆን ነው፣ እኔ ስለ አልጋ እጨነቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ልዋሽህ አልችልም። እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ግማሽ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።»

«እኔም አንድ ሌሊት።»

ከውጭ የደስታ ርችት ይሰማል፤ ለሞርቪኒ ነው።

«ይሄ ሞርቪኒ» አለች ኦርቴንሲያ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከኔ ያንሳል።»

«በብዙ?»

«በብዙ። ጤነኛም ነው።»

ኦርቴንሲያ ራሷን ነቀነቀች። በዕድሜያቸው ሌላ የጳጳስ ምርጫ እንደማያዩ ሁለቱም አወቁ፤ ያንን ጮክ ብሎ መናገር አላስፈለገም። ከአባታቸው እልፍኝ የተነሣው መንገድ እዚህ መስኮት ደፍ ላይ፣ ባቄላ ድስት አጠገብ አለቀ።

በሩ ተንኳኳ። ጠዋት የተከፈተው በር ሳይዘጋ ነው የዋለው፤ ማንኳኳትም አያስፈልገውም ነበር። ግን ደጋግሞ ተንኳኳ፤ እንደ መንገደኛ፣ በፍራት። ኦርቴንሲያ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። በሩን ዛሬ አንድ ጊዜ አስከፍታዋለች። ጋስፓሮም ወደ ጓሮ ወጥቷል። ላታንሲዮ ተነሣና ራሱ ወረደ፤ ካርዲናል ከሆነ ጀምሮ በር ከፍቶ አያውቅም።

ቺንሲዮ ነበር፤ ከኋላው ሦስቱ ጎልማሶች፣ ከነሱም ኋላ ሳንታ መረገጫውን ታቅፋ። አልጋው ግቢው መሐል በጋሪ ላይ ነው። ጠዋት የወጣው ዕቃ ግማሹም እንዲሁ በየማዕዘኑ ተቀምጧል፤ ያስቀመጠው ሰው አይታይም። የዮሴፍ ወንድሞች ተጠቅልለው የግቢው ውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቆመዋል፤ ዮሴፍ ራሱ አልተመለሰም።

ቺንሲዮ የካርዲናሉን ፊት ሲያይ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። «ብፁዕነትዎ፣ ከጳጳስ ቤት የወሰድን መስሎን ነው» አለ። «ከጳጳስ ቤት ከሆነ ወግ ነው። ከካርዲናል ቤት ከሆነ ግን... ያው ስቅላት ነው። ሰዎቹ ፈርተዋል። እኔም ፈርቻለሁ።»

«ወንበሩስ?» አለ ላታንሲዮ።

«እሱን የወሰዱት ሰዎች ለሞርቪኒ ሰፈር ሸጠውታል አሉ።»

ላታንሲዮ ቀሚሱን ሰብስቦ ቀበቶው ውስጥ ሻጠና የአልጋውን አንድ ጎን ያዘ። ቺንሲዮ «ኧረ አይሆንም፣ ብፁዕነትዎ» ብሎ ሊነጥቀው ሞከረ፤ ላታንሲዮ ግን አለቅም አለ። እያቃሰቱ ደረጃውን ወጡ። ኦርቴንሲያ ከላይ ሆና አየቻቸውና ቆመች።

«ቀስ በሉ» አለች። «መቃኑ ጠዋት ተገጭቷል። ላታንሲዮ፣ ጉልበትህን።»

«ወዴት ነው?» አለ ቺንሲዮ እየተነፈሰ። «ወደ እመቤቴ ክፍል?»

ላታንሲዮ አዳራሹን አየ። «እዚህ» አለ፣ ወንበሩ የነበረበትን ቦታ በአገጩ እያመለከተ። «ከዚህ አልፎ ጉልበቴ አይችልም።»

«ነገ እንግዶች ሲመጡስ?» አለች ኦርቴንሲያ። «ባለጉዳዮቹስ?»

«ማን ይመጣል?»

ገጣጠሙት። ጥላው ተነቅሎ ምስማሮቹ ብቻ ከቀሩበት ግድግዳ ጋር ራስጌውን አስጠጉት፤ ሁለቱ አጋዘኖች ከምስማሮቹ በታች ቆሙ። ፍራሽ የለም። ጎልማሶቹ እጅ ነሥተው ወጡ፣ ቺንሲዮም ተከተላቸው። ሳንታ ግን መረገጫውን አስቀምጣ ሄደች ሲባል አልሄደችም፤ በሩ ጋ ቆማ ሽርጧን ትጠቀልላለች።

«ምን ቀረሽ?» አለቻት ኦርቴንሲያ።

«ምንም፣ እመቤቴ። ልጄ ጠዋት ተኝታበት ነበር፤ ትንሽ ብቻ። እንደሚመለስ ስነግራት አለቀሰች። ይቅርታ ልልዎት ነው።»

ኦርቴንሲያ ወንድሟን አየችው። እሱ የአጋዘኑን ቀንድ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነው፤ አንዱ ቀንድ የተሸረፈው በሱ ጥርስ ነው፣ ሁለት ዓመቱ ሳለ።

«ቀኗ ሲደርስ አምጫት» አለች።

«ወዴት፣ እመቤቴ?»

«ወደዚህ ነዋ። አልጋው የት ሄደ?»

«ግን እኮ ጳጳስ...» ሳንታ ቃሉን ሳትጨርሰው አፏን በእጇ ያዘች።

«ጳጳስ አልተወለደበትም» አለ ላታንሲዮ፣ ከአጋዘኑ ዓይኑን ሳያነሣ። «ሁለት ልጆች ተወልደውበት ሁለቱም አርጅተዋል። ለልጅሽ ይበቃታል።»

ሳንታ ወጣች። በሩን ዝጊው ያላት የለም፤ ክፍት ቀረ። ኦርቴንሲያ ሻርፏን ከትከሻዋ አውርዳ በባዶው የአልጋ ጣውላ ላይ ዘረጋችና መረገጫውን ረግጣ ወጥታ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ላታንሲዮም ጉልበቱን ይዞ ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ። የሞርቪኒ ርችት መስኮቱን አንዴ ያቀላዋል፣ አንዴ ያጨልመዋል። አልጋው ከፍ ያለ ስለሆነ የሁለቱም እግር ወለሉን አልነካም።